ሰርተፍኬት ሌላ፣ ላይሰንስ ሌላ

ጥያቄ፦ «ሰላም እትዬ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ ሰባት ዓመት ሰርቻለሁ፤ አሁን ግን ወገቤ እምቢ እያለኝ ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ስለ አንድ የሆሊስቲክ ቴራፒ ኮርስ ነገረችኝ። ዘጠኝ ወር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ፣ ግማሹ ኦንላይን። ሪኪ (በእጅ ኃይል ማስተላለፍ የሚሉት)፣ አሮማቴራፒ (በሽታ ዘይት የሚሠራው)፣ ሪፍሌክሶሎጂ (የእግር ነጥቦችን መጫን) አለው፤ ማሳጅም አለበት። ዋጋው 7,200 ዶላር ነው፤ እስከ ቅዳሜ ከተመዘገብኩ 1,000 ይቀንሱልኛል። ስጨርስ ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው ሰርተፍኬት እንደሚሰጡኝ ነግረውኛል። ወደፊት አዲስ አበባ ገብቼ ስፓ የመክፈት ሐሳብም አለኝ። ባለቤቴ ገንዘብ መጣል ነው ይላል። የኮርሱን ወረቀት አያይዣለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከቅዳሜው እንጀምር። ቅዳሜ ምንም ነገር እንዳትፈርሚ። ለቅናሽ ቀን የሚቆርጥ ሰው ቁጭ ብለሽ እንድታስቢ አይፈልግም። ትምህርት ዳቦ አይደለም፤ እስከ ሰኞ አይደርቅም። በዚህ ከተስማማን ሌላውን ረጋ ብለን እናየዋለን።

እኔ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ 17 ዓመት በማሳጅ ቴራፒስትነት ሰርቻለሁ። በሳምንት ሁለት ማታ ደግሞ አናቶሚ (የሰውነት አሠራር) አስተምራለሁ። የማስተምርበትን ቦታ ስም አልጠራልሽም፤ ለራሷ ተማሪ እየጎተተች ነው እንዳትይኝ።

የላክሽልኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲያዩት ያምራል። ሎተስ አበባ አለው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደረ ድንጋይ አለው። የትምህርቱን ሰዓት ግን መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል ነው የጻፉት። ጠቅላላው 320 ሰዓት። ከዚያ ውስጥ ማሳጅ 60። የቀረው ሪኪ፣ አሮማቴራፒ፣ ሪፍሌክሶሎጂ፣ እንዲሁም «የስኬት አስተሳሰብ» የሚባል ነገር ነው። አንቺ አንድ ኮርስ አድርገሽ ታዪዋለሽ። እኔ የሚታየኝ የማይገናኙ ነገሮች የታጨቁበት ፌስታል ነው።

ማሳጁን እናውጣው። ቨርጂኒያ ውስጥ ማሳጅ ቴራፒ ላይሰንስ የሚጠይቅ ሙያ ነው። ላይሰንሱን የሚሰጠው የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው፤ ያንቺን የሲኤንኤ ወረቀት የሚቆጣጠረው ያው ቦርድ። ለዚህም ስቴቱ ባጸደቀው ፕሮግራም ቢያንስ 500 ሰዓት መማር አለብሽ። በዚያ ላይ ኤምብሌክስ የሚባል ፈተና አለ። 100 ጥያቄ ነው፣ በኮምፒውተር የሚሠራ። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ይሰጣል፤ በአማርኛ የለም። 60 ሰዓትሽን ይዘሽ ቦርዱ ዘንድ ብትቀርቢ ገና 440 ይቀርሻል። እሱም 60ው ከተቆጠረልሽ ነው። ትምህርት ቤቱ ያልጸደቀ ከሆነ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

ያለ ላይሰንስ «ማሳጅ ቴራፒስት» የሚል ካርድ አሳትመሽ ብታድይ ሕግ ጥሰሻል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሬ ሜሪላንድ ልሥራ ካልሽ ደግሞ የሚጠየቀው ሰዓት ከዚህ ይበልጣል። ኒውዮርክ 1,000 ሰዓት ነው። «ዓለም አቀፍ» የተባለው ሰርተፍኬት ድልድዩን እንኳ አያሻግርሽም።

የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሰርተፍኬት ማለት ትምህርት ቤቱ «ይቺ ልጅ እኔ ዘንድ ተምራለች» ብሎ የሚጽፍልሽ ወረቀት ነው። ማንም ይጽፈዋል። ላይሰንስ ግን መንግሥት «እጇን ሰው ላይ እንድታሳርፍ ፈቅጃለሁ፤ ካጠፋች እኔ እጠይቃታለሁ» የሚልበት ነው። ስፓው ሲቀጥርሽም ሆነ ኢንሹራንስ ስትገቢ የሚጠየቀው ሁለተኛው ነው።

«እውቅና» ስለሚባለው ነገር አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) ስቲቭ አይኬል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለድመቱ በሂፕኖቴራፒ (ሰውን በማፍዘዝ ማከም የሚባለው) የባለሙያ ሰርተፍኬት አወጣላት። የድመቷ ስም ዞዊ ነው። ማመልከቻ ሞላ፣ ከፈለ፣ ወረቀቱ መጣ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2009፣ አንድ የቢቢሲ ጋዜጠኛ እንግሊዝ አገር ጆርጅ በሚባል ድመቱ ሞከረው፤ ድመቱም ሦስት የባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ ተመዘገበ። ስለዚህ «እውቅና አለን» ሲሉሽ «ከማን?» በያቸው። የማኅበር ስም ከጠሩልሽ «ማኅበሩንስ ማን ነው የሚያውቀው?» ብለሽ ድገሚ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ ሳል ሳል ይላቸዋል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን ማጣራት ከባድ አይደለም። የስቴቱ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት አለ፤ ሰዉ ሼቭ ይለዋል። ትምህርት ቤቱ እዚያ ከጸደቁት ውስጥ አለ ወይስ የለም? የነርሲንግ ቦርዱ የሚቀበለው እዚያ የጸደቀ፣ ወይም በሌላ ስቴት ተመሳሳይ አካል ያጸደቀው ፕሮግራም ነው። የአስተማሪዎቹን ስም ደግሞ የስቴቱ የጤና ሙያዎች መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ፣ ላይሰንስ ሉክአፕ የሚለው ጋ ጻፊው። ላይሰንስ ያለው ሰው ይወጣል፤ ቅጣት ካለበትም ይታያል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የላክሽልኝ ወረቀት ላይ ያሉትን ሦስት ስሞች እኔ አይቻቸዋለሁ። ውጤቱን ራስሽ ብታዪው ይሻላል።

አሁን ወደ ሪኪው። ይሄን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም እኔም ገብቼበት ወጥቻለሁ።

ሪኪን የጀመረው ሚካኦ ኡሱይ የሚባል ጃፓናዊ ነው፣ በ1922። ሐሳቡ በእጅ በኩል የሕይወት ኃይል ወደ ታማሚው ይፈስሳል የሚል ነው። እኔ በ2011 ተማርኩት። 1,900 ዶላር ከፈልኩ። ከሦስት ቅዳሜና እሁድ በኋላ «ማስተር» ሆንኩ። ማሳጁን ለመማር ዓመት ፈጅቶብኝ ነበር፤ ማስተር ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ወረቀቱን ፍሬም አስገብቼ ሰቀልኩት። በሦስተኛው እሁድ አስተማሪዋ ደንበኛ ስኳር እንዳለበት ቢነግራችሁ «ኃይሉ ጣፊያ አካባቢ ያለውን ስኳር ያስተካክላል» በሉት አለችን። ስኳርን የሚመለከተው ጣፊያ ሳይሆን ቆሽት እንደሆነ እኔ ያኔም አውቅ ነበር። እጄን አውጥቼ አልተናገርኩም። 1,900 ዶላር ከፍሎ ሞኝ ነኝ ማለት ለማንም ከባድ ነው። ፍሬሙን በኋላ የልጄን ፎቶ አስገባሁበት።

ይሠራል ወይ ካልሽኝ አንድ ሙከራ ልንገርሽ። ኤሚሊ ሮዛ የምትባል የኮሎራዶ ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ፕሮጀክት ነው። ቴራፒዩቲክ ተች የሚባል ሕክምና አለ። ከሪኪ ጋር አንድ ባይሆንም የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ባለሙያዎቹ የሰውን የኃይል መስክ በእጃችን እንዳስሳለን ይላሉ። ኤሚሊ 21 ባለሙያዎች ሰበሰበች። መሐል ላይ ካርቶን ጋርዳ ሁለት እጃቸውን በቀዳዳው እንዲያሳልፉ አደረገች። ከዚያ ሳንቲም እየወረወረች የራሷን እጅ ወይ ከግራቸው ወይ ከቀኛቸው በላይ ታደርጋለች። «እጄ የት ነው?» ትላቸዋለች። ከ280 ሙከራ 123ቱን በትክክል መለሱ። 44 በመቶ መሆኑ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው 50 በመቶ ያገኛል። ውጤቱ በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ።

ይህን ስልሽ ሰው ከሪኪ በኋላ አይረጋጋም ማለቴ አይደለም። ይረጋጋል። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው ሙሉ ልቡን ሰጥቶ አጠገብሽ ከተቀመጠ አንቺም ትረጋጊያለሽ። እዚህ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ አንድ ሰዓት ብርቅ ነው። እኔም ከዚያ ኮርስ ያተረፍኩት ዝም ብሎ መቀመጥን ነው፤ ዛሬም ይጠቅመኛል። ግን 1,900 ዶላር አያወጣም።

ለሪኪም ሆነ ለአሮማቴራፒ ቨርጂኒያ ላይሰንስ አትጠይቅም። አንዳንዱ ይሄን እንደ መልካም ዜና ነው የሚነግርሽ። እስቲ ገልብጠሽ እዪው። ማንም ሊሠራው የሚችለውን ነገር ለመሥራት ነው 7,200 የምትከፍዪው። ፍላጎቱ ካለሽ ሪኪን አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በትንሽ ብር፣ ለራስሽ ተማሪው። ማንም አይከለክልሽም፤ እኔም አልቆጣሽም።

ማሳጅን ከነዚህ ጋር አንድ ላይ አልፈርጀውም። ተአምር አይሠራም፤ ግን ነገር አለው። በ2017 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ (የሐኪሞች ማኅበር ነው) ስለ ወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ በቅርብ ለጀመረ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ካላቸው ውስጥ ሙቀት፣ ማሳጅና አኩፓንክቸር አሉበት። ኮሌጁ ራሱ ማስረጃው በጣም ጠንካራ አይደለም ይላል። ልከኛ ጥቅም ነው። ልከኛ ጥቅም ግን የሚከፈልበት ሥራ ነው።

የኛኑም አልረሳሁም። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ክብ ክብ ምልክት ይዞ ሲዋኝ እናቴ በቲቪ አይታ «ይሄማ ዋግምት ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚህ ከፒንግ ይሉትና ለብቻው ያስከፍሉበታል። ቆዳ እየበጡ ደም የሚያወጡበትን ዓይነት ግን እጅሽ እንዳይነካው፤ ሄፓታይተስ ቢ በደም ነው የሚተላለፈው።

አንድ ትምህርት ቤት ጥሩ ይሁን መጥፎ የምለይበት የራሴ ፈተና አለኝ። አስተማሪውን «ሰውን መንካት የሌለብኝ መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ጥሩ አስተማሪ እዚህ ላይ አፉን ሲከፍት አይዘጋም። መጥፎው «ኃይሉ ማንንም አይጎዳም» ይልሻል።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚገደኝ ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። «እማዬን በረራው እግሯን አሳብጦባታል፣ ትንሽ አሸት አድርጊላት» አለችኝ። ጫማቸውን አወለቅኩ። የካልሲው ላስቲክ የግራ እግራቸው ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ሠርቷል። ቀኙ ላይ ምንም የለም። የእጄን ጀርባ ሁለቱ ባቶች ላይ አሳረፍኩ፤ ግራው ይሞቃል። እዚያው ቆምኩ። «እማማ፣ ዛሬ አላሽዎትም፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ» አልኳቸው። ልጅቷ ተቆጣች። ኢንሹራንስ የላቸውም፣ ቪዚተር ናቸው። ሄዱ ግን። የደም መርጋት ነበር። ያንን ባት ብገፋው ኖሮ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባቸው ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ይህንን የተማርኩት ከሎተስ አበባው ክፍል አይደለም። ፓቶሎጂ (ስለ በሽታ የሚያስተምረው) ከሚባለው፣ ሁሉም ተማሪ ከሚያዛጋበት ክፍል ነው። የላክሽልኝ ኮርስ ውስጥ ፓቶሎጂ ፈልጌ አጣሁ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ይህን ሥራ ስትጀምሪ ቤተ ክርስቲያን ያሉ እናቶች «የደም ግፊት መድኃኒቴን ልተወው?» ይሉሻል። ሐኪም አይደለሁም ማለትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ፈልጊ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ይቅርባችሁ የሚል አስተማሪ ካጋጠመሽ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ። በ2018 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው አማራጭ ሕክምናን ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱት ጋር አነጻጽረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ የመሞት ዕድላቸው በሁለት ተኩል እጥፍ በልጦ ተገኘ።

ወደ ወገብሽ እንመለስ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ዋናው ቃል እሱ መሰለኝ። እህቴ፣ ከወገብ ሕመም ለማምለጥ ብለሽ ከሆነ ማሳጅ መሸሸጊያ አይሆንሽም። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣት ይሄዳል፣ ቀጥሎ አንጓ። አልጋው ከፍ ካለ ትከሻሽ፣ ዝቅ ካለ ወገብሽ ይከፍላል። አጠገቡ ቆመሽ እጅሽን ስትለቂው ጭብጥሽ አልጋውን ነካ ካደረገ ልኩ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሳምንት ሙሉ ይረሱታል፤ ከዚያ ወገባቸው ያስታውሳቸዋል። ሲኤንኤ ሆነሽ ሰው ስታነሺ የኖርሽ ስለሆንሽ ሰውነት አያያዝ ታውቂያለሽ፤ እሱ ጥቅም ነው። ግን መጀመሪያ ወገብሽን ለሐኪም አሳዪ፤ ወረቀት የምትሞዪው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘቡስ? የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ በሜይ 2023 የማሳጅ ቴራፒስቶችን መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 55,310 ዶላር አድርጎታል። ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። ቁጥሩ አያታልልሽ። እጅ ሰው ላይ ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ቴራፒስት እኔ አላውቅም። ከ20 እስከ 25 ሰዓት ጥሩ ሳምንት ነው። ብዙ ቦታ የሚከፈልሽ በሰው ነው፤ ደንበኛው ከቀረ ባዶ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ዓመት የሲኤንኤ ሥራሽን በከፊል ይዘሽ መቆየት እንዳለብሽ አስቢ። ትክክለኛው የ500 ሰዓት ፕሮግራም ደግሞ ካንቺው ኮርስ የሚወደድም የሚረክስም አለ። በክፍያ በክፍያ የሚያደርጉ አሉ፤ አንዳንዱ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው። ጠይቂ።

ስለ አዲስ አበባው ስፓ ብዙ አልልም። የአዲስ አበባ ደንበኛ በር ገብቶ የሚጠይቀው ሞሮኮ ባዝ፣ ስቲም፣ ማሳጅ ነው። የሪኪ ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ አይቶ የገባ ሰው አልገጠመኝም። እዚያ የሚያስፈልግሽ የንግድ ፈቃድ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ውኃ የማይጠፋበት ቤትና ሳትኖሪ የሚሠሩልሽ ታማኝ ሰዎች ናቸው። የአሜሪካ ኮርስ ከነዚህ አንዱንም አይሰጥሽም። የሠለጠነ እጅ ግን ይዘሽው ትሄጃለሽ፤ ሠራተኞችሽን ታሠለጥኚበታለሽ።

ባለቤትሽ ግማሹን ልክ ነው። ይህ ኮርስ ገንዘብ መጣል ነው፤ አትመዝገቢ። ሙያው ግን ገንዘብ መጣል አይደለም።

ሰኞ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፊላቸው። ስልክ ሳይሆን ኢሜይል፣ ወረቀት እንዲኖርሽ። ሼቭ አጽድቋችኋል? ከ320ው ስንቱን ሰዓት የነርሲንግ ቦርዱ ይቆጥርልኛል? በሦስተኛው ሳምንት ባቋርጥ ስንት ብር ይመለስልኛል? ይህን ብቻ። መልስ ከላኩልሽ አስተላልፊልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። ስለ ቅናሹ ምንም አትጠይቂ። እንደማውቃቸው ከሆነ ማክሰኞ ራሳቸው ደውለው ያራዝሙልሻል።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ላይሰንስ ወደሚያበቃ ትምህርት ቤት ሂጂ። ብዙዎቹ የተማሪዎች ክሊኒክ አላቸው፤ ተማሪዎቹ አስተማሪ እያያቸው በርካሽ ይሠሩልሻል። እንደ ተመዝጋቢ ሳይሆን እንደ ደንበኛ ግቢ። ከመጀመራቸው በፊት ስለ ጤናሽ ይጠይቁሽ እንደሆነ፣ ወገብሽን ስትነግሪያቸው ምን እንደሚያደርጉ እዪ። ቀጠሮውን ለሁለት ሰው ያዢው፤ ባለቤትሽም ይምጣ።